እንኳን ለዘመነ ምጽአት አደረሳችሁ

ጽሑፉን በስልክ ያስጻፈችኝ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናት። «እንኳን ለዘመነ ምጽአት በሰላም አደረሳችሁ» አለችና ፊደሉን ልታስረዳኝ ስትጀምር አያስፈልግም አልኳት። ምጽአት የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ እና በአልፋው አ ነው። መጽአ ከሚል የግእዝ ቃል የወጣ ነው፤ መጣ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ማስታወቂያ እየጻፍኩ ስኖር፣ የተሳሳተ ፊደል አይቶ የሚናደደው እኔ ብቻ መሆኔን ስላወቅሁ፣ መዝገበ ቃላት እየተዋስኩ ብቻዬን የለቀምኩት ነው።

ደሴ ውስጥ ባነር በማሽን ይታተማል። እኔ ግን አቡጀዲ ላይ በብሩሽ ነው የምጽፈው፤ በምኖርባት ሐይቅ ከተማ ርካሹ እኔ ስለሆንኩ ደንበኛ አላጣም። ያን ባነር በቀይ ቀለም ጻፍኩት፤ ለፊደሎቹም ጥቁር ጥላ ሰጠኋቸው። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየሁት። በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ነው። ያዘነበለ የለም። የደ እግሮች ልክ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ እብድ መሆኑን ግን አላየሁም። ያየችው እናቴ ናት። ከጓሮ ስትመለስ ቆም ብላ አነበበችና «ዓለም ልታልፍ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቡብ ለሚመጡት ካቶሊኮች ዘመነ ምጽአት ማለት ከገና በፊት ያሉት አራት ሳምንታት ናቸው። ሻማ ይበራል፣ ይጸለያል፣ የጌታ ልደት ይጠበቃል። ለሌላው ያገሬ ሰው ግን ምጽአት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን። ሰማይ እንደ ብራና የሚጠቀለልበት፣ ሙታን የሚነሡበት፣ በጎቹ በቀኝ ፍየሎቹ በግራ የሚቆሙበት። እኔ እንግዲህ ሕዝቡን እንኳን ለዚያ ቀን በሰላም አደረሳችሁ ብዬ ጽፌለታለሁ፤ ጥላ ባለው ቀይ ቀለም። ያውም በስተሰሜን ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛ ወሩ።

ለሰብሳቢያችን ደወልኩላት። ከሆሳዕና የመጣች የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ናት፤ በክርክር የረታት ሰው አላውቅም። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው አለችኝ። ስብከተ ገና የሚባል ስም እኮ አለ አልኳት።

«እሱን በድምፅ ጥለነዋል» አለች።

እውነቷን ነው፤ ጥለውታል። ማኅበራችን ትልቅ አልነበረም። ከኮሮናው በኋላ የደሴው ዩኒቨርሲቲ ግቢ መጀመሪያ የተከፈተው ለተመራቂዎች ስለነበር፣ የካቶሊክ ተማሪዎች ማኅበር አንድ ሚኒባስ የማይሞላ ሆኖ ነበር። እኔ ተማሪ አይደለሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የትም አላስገባኝም። ነገር ግን አባቴ በግንበኝነት ከደቡብ መጥቶ እዚህ አግብቶ የቀረ ካቶሊክ ነበርና፣ ሲሞት ሃይማኖቱንና ውሃ ልኩን ትቶልኝ ሄደ። ተማሪዎቹን የሚያገለግሉት አባ ይህን ሲሰሙ አባል አደረጉኝ። ስለዚህ ግቢ ገብቶ የማያውቅ የግቢ ማኅበር አባል ነኝ። በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ የምካፈለው ስብሰባው ውጭ ሲሆን ብቻ ነው። ሐይቅ ላይ ካቶሊክ ነኝ ስል ሰዉ አይከፋም፤ ካቶሊክ እርዳታ የሚያድል መሥሪያ ቤት ስለሚመስለው ስንዴው መቼ እንደሚመጣ ብቻ ይጠይቀኛል።

የስሙን ክርክር ያነሣው ከአዲግራት የመጣው ልጅ ነው። እሱም ካቶሊክ ነው፤ ግን በግእዝ ሥርዓት ያደገ። እነሱ ዘንድ ከገና በፊት ያሉት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚባሉ ሦስት ናቸው፤ ጾምም አለባቸው። የደቡቦቹ እሑዶች ግን አራት ናቸው፤ ጾሙም እንደነሱ አይጠብቅም። አባ እንዳይጣሉ ብለው ሁለቱም ልክ ነው አሉ፤ ይህም ሁለቱንም ወገን አስቆጣ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና የአዲግራቱ ልጅ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ከእሱ ሌላ የግእዝ ሥርዓት ሰው አልነበረም። እኔ ብደግፈውም ተማሪ ስላልሆንኩ ድምፄ አልተቆጠረም።

ልጁ ሲሸነፍ አልተከራከረም። ያን ሰሞን ብዙ አይናገርም ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር የእናቱ ስልክ ከነአገሩ ተቋርጧል። በየማለዳው ይደውላል፤ የቴሌዋ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ትለዋለች፤ ይዘጋል። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ኬላ ላይ ደግሞ ጭራሽ አፉን አይከፍትም። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሰዋስዉ ከእኔ ይሻላል። ቀ ላይ ግን ይያዛል። ቃሉ መሀል ያለችው ቀ ከጉሮሮው ሥር ነው የምትወጣው፤ ከየት እንደመጣ ያኔ ይታወቃል። ከየት እንደመጡ ባይታወቅ የሚሻልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ታክሲ ላይ ወራጅ አለ የምትልለት፣ ሻይ ቤት ውስጥ የምታዝለት፣ ባለሱቁን ዋጋ የምትጠይቅለት ሰብሳቢያችን ናት። በስብሰባ ላይ ታሸንፈዋለች፤ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ትናገርለታለች።

እንግዲህ ለዚህ ልጅ ነው አባ የጽሞና ቀን ያዘጋጁለት። ጽሞና ማለት ዝም ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ እያንዳንዱ ራሱን ሲመረምር ያረፍዳል። ልጁ በዚህ ከሁላችንም ይልቅ ልምድ ነበረው።

ቦታው ሐይቅ እንዲሆን የፈለጉት አባ ናቸው፤ ውሃ ዳር ልብ ይሰበሰባል ብለው። የእስጢፋኖስ ገዳም በእግር የሚደረስበት ነው፤ ከእሱ የበለጠ ጸጥታ የትም አይገኝም። ግን ካቶሊኮች ነን፣ ከኦርቶዶክሶቹ ጋር ያለን ጥልም የቆየ ነው፣ ባንጠይቅ ይሻላል ተባለ። ስለዚህ የጽሞናው ቦታ የአሣ ቤት ሆነ። ባለቤቲቱ ከጅዳ የተመለሰች ሴት ናት፤ በስደት ባገኘችው ገንዘብ ውሃው ዳር ሰፊ ዳስና ሁለት ክፍል ሠርታለች። ማስታወቂያዋን የጻፍኩላት እኔ ስለሆንኩ እንግባባለን። እንግዶቹ ዝም የሚሉ ናቸው ስላት ደስ አላት። «ወላሂ እንደነሱ ያለ ደንበኛ አግኝቼ አላውቅም» አለችና፣ ከጠዋት ጀምሮ መንዙማና ዘፈን እያፈራረቀ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያዋን ለዚያ ቀን እንደምትዘጋው ቃል ገባችልኝ።

ሌላ አቡጀዲ አልነበረኝም፤ ሰብሳቢያችንም አልተረታችም። ባነሩ እንዳለ የአሣ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ።

ተማሪዎቹ ከደሴ በሚኒባስ መጡ። አባ ክፍሉ ውስጥ ሰብስበውን ስብከታቸውን ጀመሩ። ርእሱ መጠበቅ ነበር። የዛሬ ሰው መጠበቅ አይችልም፣ ሁሉን ነገር አሁኑኑ ይፈልጋል፣ የደወለበት ስልክ ትንሽ ከዘገየ ይናደዳል አሉ። የአዲግራቱ ልጅ ከፊት ተቀምጦ በትሕትና ያዳምጥ ነበር። አባ ክፋት የላቸውም፤ ስብከቱን ያዘጋጁት አምና ነው።

ከስብከቱ በኋላ ጽሞናው ተጀመረና ሁሉም በየፊናው ወደ ውሃው ተበተነ። እኔ የባነሩ አንድ ጫፍ ስለላላ ላጠብቀው ወደ በሩ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የቆመው ከቀበሌው ሚሊሻዎች አንዱ ነው። ሽርጥ ታጥቆ ከላይ የወታደር ጃኬት የደረበ፣ ክላሹን በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው። ባነሩን በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው የሚመጣው?» አለኝ።

ያን ሰሞን ይመጣል የሚባለው ሰርጎ ገብ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ጽሞና ላይ ነኝ። ደንቡን ልጠብቅ ወይስ ልመልስለት እያልኩ ሳስብ እጄ ቀደመኝና ወደ ላይ አመለከተ። ጌታን ማለቴ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከኋላው ያሉትም አዩ። አውሮፕላን በላያችን ወደ ሰሜን ያልፍ ስለነበር ወደ ላይ ማመልከት ጥሩ መልስ አልነበረም። ከኋላ አንዱ ሮኬት ነው እንዴ ሲል ሰማሁ።

ባለቤቲቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች።

«ምን አድርጎ ነው የምታስጨንቁት? ነቢዩ ዒሳ ናቸው የሚመጡት» አለች፤ ጌታን በሙስሊሞቹ ስሙ መጥራቷ ነው።

«ዒሳ?»

«አዎ። እኛስ እየጠበቅናቸው አይደለም እንዴ?»

ሚሊሻው አሰበበት። «እንጠብቃለን» አለ። «ዛሬ ነው?»

«ኧረ ዛሬ አይደለም። ዛሬ ፕሮግራም ነው።»

ፕሮግራም መሆኑ ሰዉን አረጋጋውና ተበተነ። ሚሊሻው ግን አልሄደም። የማያውቃቸው ወጣቶች ውሃው ዳር አንዱ ለብቻ ሌላው ለብቻ ሲንጎራደዱ አየና ተጣልተው ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እስከ ምሳ አይነጋገሩም አለችው። ሁሉም? አዎ ሁሉም። እንግዲያው እኔም እስከ ምሳ እጠብቃለሁ አለና ዳሱ ውስጥ ወንበር ስቦ፣ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ጸሎታችን የምር ሆነ። ኬላ ላይ ከታክሲ ስለወረደና አድሮ ስለተለቀቀ አንድ ተማሪ ሰምተን ነበር፤ ወርዶ ስላልተመለሰም ሌላ ሰምተን ነበር፤ የትኛው እውነት የትኛው ወሬ እንደሆነ አናውቅም። የምናውቀው ምሳ ሲደርስ ጽሞናው እንደሚፈታና ልጁ መናገር እንዳለበት ነው። ሰብሳቢያችን በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ እኔም መልሼ እጠቅሳታለሁ፤ ከዚያ በላይ ደንቡ አይፈቅድም። ልጁ ብቻ ከቄጠማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል። ሚሊሻው አንድ ጊዜ አጠገቡ ድረስ ሄዶ ሰላምታ ሰጠው፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። ሚሊሻው ሲመለስ ጨዋ ልጅ ነው አለ። የአንድ ቀን ጽሞና እንዲራዘም እግዚአብሔርን የለመነ ማኅበር ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ምሳ ግን ደረሰ። አባ ጸለዩና ጽሞናውን ፈቱ። ማንም አልተናገረም። ባለቤቲቱ የተጠበሰ ቆሮሶ አሣ በትሪ ይዛ ገባች፤ መጀመሪያ የደረሰችውም የአዲግራቱ ልጅ ጋ ነው። ሰብሳቢያችን አፏን ከፈተች፤ ልጁ ግን ቀደማት።

«ይቅርብኝ፣ ጾመኛ ነኝ» አለ።

ቅ ከጉሮሮው ሥር ወጣች። አማርኛ ውስጥ ለእሱ ከዚያ የከፋ ቃል ማግኘት አይቻልም ነበር። አልፈልግም ቢል ምንም የሚይዘው ፊደል የለም። ግን አሣ ይዛለት ለመጣች ሴት አልፈልግም አይባልም፤ በደንብ ያደገ ልጅ ስለሆነ ይቅርብኝ አለ።

ሚሊሻው ቀና አለ። «ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከአዲግራት።»

ጠዋት ሙሉ ያን ያህል ዝም አላልንም ነበር።

«እናት አለችህ?»

«አለች።»

«ትደውልላታለህ?»

«በየቀኑ።»

«ማን ያነሣል?»

ልጁ ጥያቄው ወጥመድ መሆን አለመሆኑን ሊለይ ፊቱን አየው። «ያችው የቴሌዋ ሴትዮ ናት» አለ።

«ለእኔም እሷው ናት» አለ ሚሊሻው።

ከዚያ ክላሹን ከጭኑ አንሥቶ ምሰሶው ላይ አስደገፈና ነገረን። የበኩር ልጁ ወታደር ነው። የተመደበውም ሰሜን ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምፁ የለም። ቀበሌ ጠይቆ ነበር፤ ቀበሌው ታገሥ አለው።

«ስትናገር እስከ መጨረሻው ትሰማታለህ?» ሲል ልጁን ጠየቀው።

«እሰማታለሁ።»

«እንግሊዝኛውንም?»

«እሱንም።»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ምናልባት በእሱ ሌላ ነገር ትል ይሆናል ብዬ ነው እስከ መጨረሻው የምይዛት። ሌላ ነገር ትላለች?»

«አትልም» አለው ልጁ። «ያንኑ ነው የምትለው።»

ባለቤቲቱ አሣውን ወስዳ ሽሮ አመጣችለትና ለሁለቱም «አብሽሩ» አለቻቸው። ወሎ ውስጥ ሰው ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ይለዋል፤ አይዟችሁ ማለት ነው። ከአረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ከእኛው ብሥራት ጋር አንድ ነው፣ ምሥራች እንደማለት። ለከሰዓቱ ስብከት ይሆናቸዋል ብዬ ለአባ ነገርኳቸው። አባ ደስ አላቸው። ሰብሳቢያችን ግን «አንተ ደግሞ፣ አሁን ፊደል ይቆጠራል?» አለችኝ።

የከሰዓቱ ስብከት አልተሰበከም። ሚሊሻውና ልጁ ስልክ ተለዋወጡ፤ ቀድሞ ድምፅ የሰማ ለሌላው ሊደውል ተስማሙ። ሲመለሱም ሚሊሻው ሚኒባሱ ውስጥ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ኬላውን እስኪያልፉ ሸኛቸው። ኬላው ላይ ያሉት ሰላም አሉት እንጂ መታወቂያ አልጠየቁም። ሌላ ሰው መጥቶ ሳይጠይቃት ባነሩን እንዳወርድላት ባለቤቲቱ ለመነችኝ፤ አወረድኩላት። በዓመቱ ጦርነቱ ራሱ ሐይቅ ገባ፤ ያኔ ማነው የሚመጣው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የማወራው ግን ስለዚያኛው ገና ነው።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። አንድ ቀን ልጁ ደወለልኝ። እናቱ ስልኩን አንሥታለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሲደውልላት ኖሮ ሲያገኛት መጀመሪያ ያደረገችው ምነው ጠፋህ ብላ መቆጣት ነው። በየቀኑ ሲደውል እንደነበር ሊያስረዳት ቢሞክር አላመነችውም። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። ከዚያ ግን ለሚሊሻው እንዴት ልደውል አለኝ። የሰውየው ልጅ ድምፁ እንዳልተሰማ ያውቃል። ባይደውል ቃሉን ማጠፍ ነው፤ ቢደውል የራሱን ደስታ ወስዶ በሰው ጭንቀት ላይ መጣል ነው። አባን ጠይቋቸው ነበር። አባ ሁለቱም ልክ ነው አሉት።

በስልክ ከምትነግረው መጥተህ ንገረው አልኩት። በማግስቱ መጣና ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ሰውየው ቤት አብረን ሄድን። አውድማው ላይ ማሽላ ሲወቃ አገኘነው። ልጁን ገና ከሩቅ ሲያየው ዱላውን አወረደ።

«አገኘሃት» አለው።

«አገኘኋት።»

«ምን አለችህ?»

«ተቆጣችኝ። ምነው ጠፋህ አለችኝ።»

ሰውየው በጣም ሳቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ትቆጣ አለ። ሳቁ ሲበርድለት ከማሽላው ላይ ወርዶ ልጁ ፊት ቆመ።

«እስኪ ጠይቅልኝ» አለው። «በዚያ በኩል ያለፉ ወታደሮች አይታ እንደሆነ። የእኔው ረዥም ነው። ፍንጭት ነው፤ ሲስቅ ይታወቃል።»

ልጁ እዚያው ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አደረገው። በትግርኛ አስረዳት። እሷም ብዙ ተናገረች። እኔ ትግርኛ አላውቅም፤ ስኒ የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ ጥርስ ማለት መሆኑን ኋላ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ሰውየው የሚያየው ስልኩን ሳይሆን የልጁን ፊት ነበር።

«ምን አለች?»

ልጁ ሊያለሳልሰው የፈለገ መሰለኝ፤ ግን አያውቅበትም። «ብዙ ልጅ አልፏል ትላለች» አለ። «ጥርሱን ግን ማን አየ ትላለች። የሚስቅ አልነበረም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እውነቷን ነው አለ። ከዚያ ሌላ ምልክት እንንገራት ብሎ ማሰብ ጀመረ። ረዥም ነው፤ ረዥም ብዙ ነው። ጠይም ነው፤ ሁሉም ጠይም ነው። ልብሳቸው እንደሆነ አንድ ነው። ወታደር ልጁ ሳይስቅ በምን እንደሚለይ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ስልኩ ክፍት ነው፤ ካርድ ይበላል፤ እናትየዋ ሃሎ ሃሎ ትላለች። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ጠራ።

ሚስቱ መጣች። ነገሩን ሲነግራት ስልኩን ከልጁ እጅ ተቀበለችና ወደ ቤቱ ጀርባ ይዛው ሄደች። ልጁ ላስተርጉምልዎ ብሎ ሊከተላት ሲል ሰውየው ክንዱን ያዘው። እሷ ትግርኛ አታውቅም፤ የአዲግራቷም አማርኛ አታውቅም። ሁለቱ ግን ሲናገሩ ይሰማል፤ አንዳንዴ በየተራ፣ አንዳንዴ አብረው። እኛ አውድማው ዳር ቆመን ጠበቅን።

ካርዱ ሲያልቅ ተመለሰች። ስልኩን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ለልጁ ሰጠችው።

«ግራኝ መሆኑን ነግሬያታለሁ» አለች።

«ግራኝ?» አለ ሰውየው። «በቀኙ ነው እኮ የሚበላው።»

«አንተ ፊት ነዋ» አለችውና ወደ ቤት ገባች።